«ማን ነገረው?» ለተባለችው ጥያቄ የቀረበ ውዳሴ

የመሥሪያ ቤቶችን ጥበብ ሁሉ ያቀፈች አንዲት አጭር ጥያቄ አለች። ሁለት ቃል ብቻ ብትሆንም የስንት ኦዲተር፣ የስንት አጣሪ ኮሚቴና የስንት ችሎት ድካም ታስቀራለች። አንድ ሰነድ ከመንግሥት ቢሮ ሾልኮ ወጥቶ ገንዘብ እንደጠፋ፣ ሰው ያለ ሕግ እንደተገደለ ወይም የሕዝብ ስልክ እንደተጠለፈ ሲያሳይ፣ ገና ያልበሰለ አእምሮ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የበሰለው ግን ሰነዱን በግንባሩ ደፍቶ ያስቀምጥና «ማን ነገረው?» ይላል። የዚህችን ጥያቄ ውለታ የሚመጥን ምስጋና ተጽፎ ስላላየሁ፣ አቅሜ በፈቀደ መጠን ላቀርብላት ተነሥቻለሁ። ምሳሌዎቼ በሙሉ ከሩቅ አገር የመጡት፣ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉት፣ ርቀት ለጸሐፊ ጤና ተስማሚ መሆኑ በልምድ ስለተረጋገጠ ብቻ ነው።

«እውነት ነው ወይ?» መዘዙ ብዙ ነው። እውነት ከሆነ ማን ፈረመ፣ ማን አጸደቀ፣ እያወቀ ዝም ያለው ማን ነው እየተባለ ነገሩ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ይወጣል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ የሚጠየቁት ሰዎች ወንበራቸው እየሰፋ፣ ምንጣፋቸውም እየወፈረ ይሄዳል። «ማን ነገረው?» የምትፈልገው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያው ታች፣ ከፎቶኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነው።

ጥያቄዋ ምን ያህል አስተዋይ እንደምታደርግ ማየት የሚሻ ሰው በ2017 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ያስታውስ። ሪያሊቲ ዊነር የተባለች የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ የኮንትራት ሠራተኛ፣ የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ አንድን የምርጫ ሶፍትዌር አቅራቢ ድርጅት ለመጥለፍ መሞከሩን የሚገልጽ ምስጢራዊ ሰነድ አትማ ለጋዜጠኞች በፖስታ ላከች። ጋዜጠኞቹ ትክክለኛነቱን ለማጣራት ቅጂውን ለመንግሥት ሲያሳዩ፣ ወረቀቱ ታጥፎ እንደነበረ የሚያመለክት መስመር ታየ። ከታጠፈ ታትሟል፣ ከታተመም ያተመው ሰው አለ ተብሎ መዝገቡ ሲፈተሽ ስድስት ሰዎች ተገኙ፤ ከስድስቱም መካከል ከዜና ተቋሙ ጋር በኢሜይል የተጻጻፈች አንዲት ብቻ ነበረች። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እንደ እኛ ያለው ተራ አንባቢ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ለማንበብ ሲንደረደር፣ እነዚያ ሊቃውንት እጥፋቱን አነበቡት። ለዚህች አንዲት ሰነድ የተቆረጠው ቅጣት 63 ወር እሥራት ነው።

አውስትራሊያም የሚያስቀና ሥራ ሠርታለች። በ2020 ይፋ የሆነው የብሬረተን ምርመራ፣ የአገሪቱ ልዩ ኃይል አባላት አፍጋኒስታን ውስጥ 39 ሰዎችን ከሕግ ውጪ ስለመግደላቸው ተዓማኒ መረጃ መኖሩን ገለጸ። በ2024 የአምስት ዓመት ከስምንት ወር እሥራት የተፈረደበት ግን፣ ምስጢራዊ ሰነዶችን ለአገሪቱ የሕዝብ ማሰራጫ ጣቢያ አሳልፎ የሰጠው የጦር ሠራዊቱ የሕግ ባለሙያ ዴቪድ ማክብራይድ ነው። በግድያ የተፈረደበት አንድም ወታደር ሳይኖር፣ የወረቀቱ ሰው ወረፋውን አልፎ ወህኒ ገባ። በነገራችን ላይ ማክብራይድ ሰነዶቹን ያወጣው፣ አዛዦች ተራ ወታደሮችን ያለ አግባብ ያስመረምራሉ ብሎ በማመኑ እንደሆነ ተናግሯል፤ ጋዜጠኞቹ ግን በሰነዶቹ ውስጥ ከዚያ የከፋውን አገኙ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ታላቋ ጥያቄያችን «ማን» እንጂ «ለምን» ስለማትል፣ እንዲህ ባለው ዝርዝር አትደናቀፍም።

«ለምን» ከችሎት የተባረረችው ደግሞ ዛሬ አይደለም። በ1971 ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈውን 7,000 ገጽ ምስጢራዊ ጥናት ለጋዜጦች የሰጠው ዳንኤል ኤልስበርግ እስከ 115 ዓመት ሊያስቀጣ በሚችል ክስ ቀረበ። ራሱ እንደተረከው፣ ጠበቃው «ሰነዶቹን ለምን ገለበጥሃቸው?» ብሎ ሲጠይቀው ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ፤ ዳኛውም ጥያቄው ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብለው ዘጉት። ክሱ የተመሠረተበት የ1917ቱ የስለላ ሕግ፣ ምስጢርን ለጠላት የሸጠ ሰላይንና ለገዛ ሕዝቡ የተናገረ ሠራተኛን በአንድ ወንፊት የሚያበጥር ነውና። ኤልስበርግ በ1973 በነጻ የሄደው ሕጉ ራርቶለት ሳይሆን፣ ጥያቄዋን ከልክ በላይ የወደዱ የመንግሥት ሰዎች የአእምሮ ሐኪሙን ቢሮ ሰብረው ገብተው ስለተገኙ ነበር።

እንግሊዞች ከዚህ የላቀ መላ አላቸው። የመከላከያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም የነበረው ክላይቭ ፖንቲንግ፣ በ1982 የእንግሊዝ ባሕር ሰርጓጅ ያሰመጣት አርጀንቲናዊቷ የጦር መርከብ ጀኔራል ቤልግራኖ ስለሰመጠችበት ሁኔታ የሚገልጹ ሰነዶችን ለአንድ የፓርላማ አባል በመላኩ በ1985 ለፍርድ ቀረበ። ዳኛው «የሕዝብ ጥቅም ማለት በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት ነው የሚለው ነገር ነው» የሚል መንፈስ ያለው ማሳሰቢያ ቢሰጡም፣ ከሕዝብ የተውጣጡት የጁሪ አባላት ጥፋተኛ አይደለም ብለው አሰናበቱት። በሕጉ ተሸንፎ የማያውቅ መንግሥት እዚህ ላይ ይደናገጥ ነበር፤ እነሱ ግን በ1989 ሕጉን ራሱን በአዲስ ለውጠው፣ ለሕዝብ ጥቅም ብዬ ነው የሚለውን መከላከያ አስወገዱት። ውኃ ያሳለፈውን ጣሪያ የደፈነ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

«እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይላሉ አባቶች። የአሜሪካን ምስጢራዊ የስለላ ፕሮግራሞች ያጋለጠው ኤድዋርድ ስኖደን በ2013 የመሸበት ሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አገሩ ፓስፖርቱን ስለሰረዘችበት ከአንድ ወር በላይ እዚያው መተላለፊያ ውስጥ አደረ። እሱ ካጋለጣቸው ፕሮግራሞች አንዱ፣ ይኸውም የአሜሪካውያንን የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ መሰብሰብ፣ ሕገ ወጥ እንደነበር አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 ወሰነ። ሕገ ወጥ ነገር መኖሩን በመናገሩ የተመሠረተበት ክስ ግን በውሳኔው አልተነካም።

ጠቋሚን የሚጠብቅ ሕግ የለም የሚል ሰው ቢኖር ሐሜተኛ ነው። አለ፤ ሞልቷል። የአሜሪካ የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግ በ1989 ሲወጣ የፌዴራል ሠራተኞችን ከበቀል የሚከላከል ጠንካራ ሕግ ነበር፤ የሲአይኤን፣ የኤፍቢአይንና የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲን ሠራተኞች ብቻ ከጥበቃው ውጪ አደረጋቸው። ለእነሱ ኋላ ላይ ሳሳ ያለ ሌላ ሥርዓት ተበጅቶላቸዋል። በዚህ መሠረት ትልቅ ምስጢር በማያውቅበት ቦታ የተቀመጠ ሠራተኛ ምስጢር ቢያወጣ በሚገባ ይጠበቃል ማለት ነው። ከዚህም የሚረቅ ነገር በ2006 በጋርሴቲና በሴባዮስ መካከል በነበረው ክርክር ተወስኗል። አንድ ምክትል ዐቃቤ ሕግ፣ ለብርበራ ማዘዣ የቀረበው ቃለ መሐላ እውነት የጎደለው ነው ብሎ ለአለቆቹ ማስታወሻ ጻፈ፤ በዚህ ምክንያት ተበቅለውብኛል ብሎም ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ማስታወሻውን መጻፍ የሥራ ግዴታው ስለነበረ ሕገ መንግሥታዊው የመናገር ነጻነት አይሸፍነውም አለ። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ሙሉ ነጻነት ያለው ሥራው ባልሆነ፣ ማለትም ጠንቅቆ በማያውቀው ጉዳይ ላይ ሲናገር ነው። ስብሰባዎቻችን ለምን ያን ያህል እንደሚረዝሙ የተገለጠልኝ ይህን ውሳኔ ካነበብሁ በኋላ ነው።

ወደ ጋዜጠኞች ስንመጣ አክብሮቱ እጥፍ ይሆናል። እዚያው አሜሪካ በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጋዜጠኛ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ በሚመረምረው ግራንድ ጁሪ ፊት ምንጩን አልናገርም የሚልበት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም ብሎ ወሰነ፤ በ2005 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ጁዲት ሚለር ምንጯን አልናገርም ብላ 85 ቀን ታሥራለች። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የጋዜጠኛን ምንጭ የሚጠብቅ የራሳቸው ሕግ ቢኖራቸውም በፌዴራል ደረጃ ግን የለም፤ የሕግ ረቂቁ በ2024 በተወካዮች ምክር ቤት ያለ ተቃውሞ አልፎ፣ ሴኔት ደርሶ ቀረ። ደግሞስ ሰውን እያሠሩ ማስለፍለፍ ምን አስፈለገ? በ2013 እንደታወቀው፣ የፍትሕ ሚኒስቴር የአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ከሚጠቀሙባቸው ከ20 በላይ የስልክ መስመሮች የሁለት ወር የጥሪ መዝገብ በምስጢር ወስዶ ነበር። እዚህ ላይ ያለውን ጨዋነት ማድነቅ ይገባል፤ ጋዜጠኛው ምንጩን እንደጠበቀ፣ ቃሉንም እንዳላፈረሰ እያመነ ሰላም አድሯል፤ የተጠየቀው ስልኩ ነውና።

አሳዛኟ አገር ስዊድን ናት። የፕሬስ ነጻነት ሕጓ ከ1766 ጀምሮ ሥር የሰደደ በመሆኑ በሽታው የሚድን አይመስልም። በዚያ ሕግ፣ ከተወሰኑ ከባድ የምስጢርና የደህንነት ጉዳዮች በስተቀር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጋዜጠኛ መረጃ የሰጠው ማን እንደሆነ መመርመር ክልክል ነው፤ ሆን ብሎ ያደረገው ሹም በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እሥራት ሊቀጣ ይችላል። ጠዋት ጋዜጣ ገልጦ የቢሮውን ጉድ ያነበበ አንድ ስዊድናዊ ኃላፊ፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ከልቡ የሚመጣውን ያንን ተፈጥሯዊ ጥያቄ ከአፉ እንዳያወጣ ጥርሱን ነክሶ ሲቀመጥ ይታያችሁ። የቀረችለት ጥያቄ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም «እውነት ነው ወይ?» ናት። ሰው በገዛ ቢሮው እንዲህ ይጨነቃል?

የቀሩት አውሮፓውያን ለመጠንቀቅ ሞክረው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው መመሪያ፣ ጠቋሚ ከተባረረ ያባረርሁት በሌላ ምክንያት ነው ብሎ የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ላይ ይጥላል። አባል አገሮች እስከ ታኅሣሥ 2021 በሕጋቸው ውስጥ እንዲያስገቡት ቢታዘዙም ብዙዎቹ በክብር አቆዩት፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2025 ጀርመን ብቻዋን ስለ መዘግየቷ 34 ሚሊዮን ዩሮ እንድትከፍል ወሰነ።

እኔ በአንድ ወቅት እሠራበት የነበረ መሥሪያ ቤት ግን ጥበቃን ያለ ምንም ቅጣት፣ በገዛ ፈቃዱ አስገብቶ ነበር። «ጥቆማዎ በምስጢር ይያዛል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ የጥቆማ ሳጥን በዋናው ኃላፊ በርና በደህንነት ካሜራው መካከል ተሰቀለ፤ ቁልፉም ጠፍቶ እንዳያስቸግር በኃላፊው ኪስ ይቀመጥ ነበር። ከሳጥኑ ጎን የተደረደረው ቅጽ የጠቋሚውን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሥራ መደቡን፣ በመጨረሻም የቅርብ አለቃውን ስምና ፊርማ ይጠይቃል። ለስድስት ወር ሳጥኑ ውስጥ የገባው የማስቲካ ወረቀት ብቻ ነበር። በሰባተኛው ወር ቅጽ ያልሞላ አንድ ሥርዓት የለሽ ሰው፣ ስለ ነዳጅ ኩፖን አወጣጥ የሚተርክ በእጅ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ወረቀት ከተተ።

በማግስቱ አጠቃላይ ስብሰባ ተጠራ። ስለ ነዳጁ የተነሣ ነገር አልነበረም፤ ኃላፊው ሳጥኑ በተግባር መሥራቱ እንዳስደሰታቸው ገልጸው፣ ለሁላችንም ግማሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አደሉና ለእጅ ጽሕፈት ናሙና የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላቸው አስጻፉን፦ «በዚህ መሥሪያ ቤት ጠቋሚ ሙሉ ጥበቃ ይደረግለታል።» እኔ ምንም የማውቀው ነገር ባይኖርም ለማንኛውም ብዬ በግራ እጄ ጻፍሁ። ቀና ብዬ አዳራሹን ስቃኝ፣ የሒሳብ ክፍሏን እመቤት ጨምሮ በእኔ ረድፍ የተቀመጡት ሁሉ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ እስክሪብቶውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ሲታገሉ አየሁ።