ማስተካከያ፦ የዓድዋ ቀን በሁለት አቆጣጠር

ከጣሊያን ተማሪዎች ጋር ለምንሠራው የታሪክ ፕሮጀክት ባለፈው ሳምንት የተላከው የጊዜ ሰሌዳ የዓድዋን ጦርነት «ማርች 1 ቀን 1888» ይላል። ሁለት አቆጣጠር ተቀላቅሎበታል። ትክክለኛው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896። እባካችሁ ፖስተሩም ላይ አርሙት።

ደግሞ ሁሌ 8 ዓመት እየደመራችሁ አትሂዱ! ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። የአዲስ አበባው የሰላም ውል የተፈረመው በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ነው። ለጣሊያኖቹ ግን ጦርነቱም ውሉም እዚያው 1896 ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ ካልተጠነቀቅን የሚስማሙ ሰነዶች የተጋጩ ይመስሉናል፤ ያ ደግሞ ለሁላችንም ድካም በጣም ያሳዝናል።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው፦ እነሱ «ጠዋት 6» ሲሉ በእኛ 12 ሰዓት ማለት ነው።