ከሚሲሲፒ ወዲህ አንደኛ!

ሲያትል ዳውንታውን፣ ሴከንድ አቬኑና ዬስለር ዌይ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ስሚዝ ታወርን ያየዋል። ነጭ ነው፣ ቀጠን ብሎ ወጥቶ አናቱ ላይ ሾጣጣ ጣሪያ ደፍቷል፣ ከኋላው ያሉት የመስታወት ፎቆች ስለዋጡት ግን ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ከኤርፖርት ተቀብላችሁ ብታሳዩት "ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ሊያሳፍራችሁ ይችላል። ኧረ ቀስ! ይሄ ማለት እኮ በ1914 ጁላይ 4 ሲመረቅ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ) ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ካለው የቢሮ ህንጻ ሁሉ ረጅሙ የነበረ ነው። አያችሁልኝ ብልጠቱን? ከዓለም አላሉ፣ ከአሜሪካ አላሉ፣ ወንዝ ፈልገው ከወንዙ ወዲህ አጥር አጥረው አጥሩ ውስጥ ነገሱ። እኔ ይሄን መላ ያመጣው ሰው ሐውልት ይገባዋል ባይ ነኝ፣ ሐውልቱም ከሱ ወዲህ ካሉት ሐውልቶች ሁሉ ረጅሙ ይሁንለት።

ልብ በሉ፣ ያኔ ኒውዮርክ ውስጥ ዉልዎርዝ ህንጻ 241 ሜትር ሆኖ ካለቀ ዓመት አልፎታል፣ የፊላደልፊያ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ከ1901 ጀምሮ 167 ሜትር ላይ ሐውልት ተሸክሞ ቆሟል። የኛው 140 ምናምን ሜትር ነው (141 የሚለውም አለ 148 የሚለውም አለ፣ ሜትሩን ጫፉ ላይ የት እንዳቆምከው ነው)። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ቁመት አንገቱን ደፍቶ አርፎ ይቀመጥ ነበር። የሲያትል ሰው ግን ካርታ አወጣ።

ያስገነባው ሰውዬ ራሱ የሲያትል ሰው አይደለም፣ ላይማን ስሚዝ የሚባል የሲራኪዩስ ኒውዮርክ ሀብታም ነው፣ መጀመሪያ በጠመንጃ ቀጥሎ በታይፕራይተር የከበረ። ያሰበው 14 ፎቅ ነበር ይባላል፣ ልጁ ነው "አባዬ ምን ነካህ፣ ከፍ እንበል" ብሎ ያስጨመረው። እዛው ሰፈር ጆን ሆጅ የሚባል ሌላ ባለሀብት የራሱን ሊያቆም እየተዘጋጀ ስለነበር ነገሩ ትንሽ እልህም አለበት፣ የሆጅ ህንጻ በ1911 አልቆ ሦስት ዓመት ያህል አንደኛ ተብሎ ከዛ ወረደ። ስሚዝ ግን በ1910 ስለሞተ የራሱን አላየውም። ምን ችግር አለው፣ አንደኛ የተባለ ሰው በህይወት መኖር አይጠበቅበትም።

ፎቁን ስትቆጥሩማ ነው ሥራው። ፖስትካርዱ ሁሉ "ባለ 42 ፎቅ" እያለ ነው የታተመው፣ ዛሬ ግን 38 ነው የሚባለው። አራቱ ፎቅ የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አዲስ አበባ ቤት ሰርቶ አያውቅም። እኛ ጋ ፕላኑ ላይ ጂ ፕላስ ፎር ነው የሚለው፣ ባለቤቱ ሲያወራ ግን ከቤዝመንቱ አንድ ብሎ ይጀምራል፣ ግራውንዱ ሁለት፣ ሜዛኒኑ ሦስት፣ አራቱ ፎቅ ሲጨመር ሰባት፣ ጣሪያው ላይ ልብስ ማስጫ አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ስምንት፣ ሮቶው በብረት ከፍ ተደርጎ ከተሰቀለ እሱም ለራሱ አንድ ነው፣ ዘጠኝ ገባ። እና ሲያትሎች በአራት ብቻ መወሰናቸው ጨዋነታቸውን ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ አጥሩ እንመለስ፣ ምክንያቱም ጥበቡ ያለው አጥሩን ማጠሩ ላይ ሳይሆን ማንቀሳቀሱ ላይ ነው። በ1931 ካንሳስ ሲቲ የመብራት ኩባንያዋን ህንጻ አቆመችና ማዕረጉን ወሰደች ተባለ። አይ! ካንሳስ ሲቲም ከሚሲሲፒ ወዲህ ናት፣ ወንዙን ማዛወር አይቻል ነገር። ቀላል ነው፣ አጥሩ ወደ ውቅያኖሱ ተጠጋና ስሚዝ ታወር "ከዌስት ኮስት አንደኛ" ሆኖ ቀጠለ። በዚህኛው እስከ 1962 ተኖረበት፣ ያኔ የገዛ ከተማው ስፔስ ኒድልን 184 ሜትር አድርጎ አቆመበት። እሺ አሁንስ? አሁንማ፣ ስፔስ ኒድል ቢሮ አይደለማ! ሰው ወጥቶ በልቶ ከተማ አይቶ የሚወርድበት ነገር ነው፣ ስለዚህ "ከከተማው የቢሮ ህንጻዎች አንደኛ" እየተባለ እስከ 1969 ተሄደ። በዛ ዓመት ባለ 50 ፎቁ የሲፈርስት ባንክ ህንጻ መጣ፣ ጥቁር ሳጥን የመሰለ ነገር ስለነበር የከተማው ሰው "ስፔስ ኒድል የመጣበት ካርቶን" እያለ ቀለደበት፣ እሱንም ቢሆን በ1985 ኮሎምቢያ ሴንተር በ76 ፎቅ ጸጥ አሰኘው።

በቃ አለቀ ብላችሁ ከሆነ ሰውን አታውቁትም ማለት ነው። ቁመት ሲያልቅ ዕድሜ አለ። "የሲያትል የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ" ተባለ። እዛው ሴከንድ አቬኑ ላይ ትንሽ ራመድ ስትሉ ግን አላስካ ህንጻ አለ፣ 14 ፎቅ፣ በ1904 በብረት አጽም የቆመ፣ እሱም የከተማው የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ነው። ሁለቱም የመጀመሪያ ናቸው፣ ማንም አልተጣላም፣ እንዲህ ነው መቻቻል። መጀመሪያነቱ ሲሻማ ደግሞ መጨረሻነት አለ፦ ስሚዝ ታወር እስከ ቅርብ ዓመታት ሊፍቱን በሰው እጅ ነበር የሚያስነዳው፣ ሊፍት ነጂው በሩን ዘግቶ እጀታውን ይዞ ያወጣህ ነበር፣ በዚህም "በዌስት ኮስት የመጨረሻው" ለመባል በቅቷል። እንዲያውም በ1976 ኢቫር ሃግለንድ የሚባል ዓሣ ቤት ያለው ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ገዛውና ጫፉ ላይ የሳልሞን ዓሣ ቅርጽ ያለው የንፋስ ጨርቅ ሰቀለበት፣ የከተማው አስተዳደር አይቻልም ብሎ ተሟገተው። ከሚሲሲፒ ወዲህ ዓሣ የሰቀለ የመጀመሪያው ህንጻ የሚል ጽሁፍ እስካሁን በሩ ላይ አለመለጠፉ ይገርመኛል።

ግን እውነቱን ለመናገር የዚህ ሙያ ሊቆች ያሉት ቺካጎ ነው። ሆም ኢንሹራንስ ህንጻ በ1885 በ10 ፎቅ ቆመ፣ ኋላ ሁለት ተጨመረለት፣ በ1931 ደግሞ ሌላ ሊሰራበት ፈረሰ። እያፈረሱት እያለ፣ እደግመዋለሁ፣ እያፈረሱት እያለ፣ ይሄ ነገር የዓለም የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ! አርክቴክቶቹ ብረቱ ሲገለጥ ገብተው አዩና አዎ ነው አሉ። መፍረሱም ቀጠለ። ከዚህ በላይ አንደኝነትን የማስጠበቂያ ዘዴ ካለ ንገሩኝ፣ የሌለን ህንጻ ሄዶ የሚለካ ማን አለ? ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፣ ይከራከሩ።

እኛ ሐበሾችማ ለዚህ ነገር ማንም አስተማሪ አላስፈለገንም። ሚሲሲፒ ባይኖረን ሰሃራ አለን፣ "ከሰሃራ በታች" የምትለዋን ቃል ስንቱ ሪባን ቆራጭ ነው የጠገበባት። የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ውሰዱ፣ በ2022 ተመረቀ፣ 209 ሜትር፣ እውነትም ያምራል፣ ለገሃር ጋ ቆመህ ስታየው ደረትህ ይነፋል። "የአፍሪካ" እንዳይባል ጆሃንስበርግ ካርልተን ሴንተርን 223 ሜትር አድርጋ ያቆመችው በ1973 ነው፣ ግብጽ ደግሞ አዲሱ ዋና ከተማዋ ላይ ወደ 394 ሜትር የሚጠጋ አስነስታለች። ስለዚህ በቀጭኑ "የምሥራቅ አፍሪካ" ተባለና የናይሮቢው ብሪታም 200 ላይ ቀረልን። ዘጠኝ ሜትር! ቴፑን የያዘው ሰው እጁ ይባረክ። እዚህ አሜሪካም ያው ነን፣ "ከዲሲ ቀጥሎ ብዙ ሐበሻ ያለው እኛ ጋ ነው" የማይል ከተማ አላጋጠመኝም፣ ሲያትልም ይላል፣ ዳላስም ይላል፣ አትላንታም ይላል፣ ሚኒያፖሊስም ይላል፣ ሁሉም ከዲሲ ቀጥሎ ናቸው፣ ሦስተኛ የሆነ ከተማ የለም።

ሰሞኑን አጎቴ ከአዲስ አበባ ደውሎ ቤቱ እንደደረሰለት አበሰረኝ። ጂ ፕላስ ቱ ነው። "ጋሼ እንኳን ደስ ያለህ፣ ሰፈሩ ውስጥ እንዴት ነው ታዲያ?" ስለው ትንሽ ዝም ብሎ አሰበና፣ ከቀለበት መንገዱ ወደ ውስጥ፣ ከመስጊዱ በታች፣ ከዳቦ ቤቱ ወዲህ፣ ገና ሊሾ ካልፈሰሰላቸው ቤቶች መሃል ረጅሙ የሱ እንደሆነ ነገረኝ። ምርቃቱ እሁድ ነው፣ ሮቶውም ተቆጥሯል።