ላስቲኩ ያልተላጠ ሳይንስ

ሥልጠና አትችሉበትም የሚለን ካለ አንድ ጠዋት አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ አዳራሽ ብቅ ይበል። «ለሳይንስ መምህራን በእጅ በሚያዝ የዳታ መሰብሰቢያ ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ላይ የተዘጋጀ የአቅም ግንባታ ሥልጠና» የሚል ባነር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሯል። ባነሩን ያሠራ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። የቀረው ምሳ ማዘዝ ነው።

መሣሪያዋ እውነትም ጉድ ናት። መዳፍ ላይ የምታርፍ ሳጥን ነች። የሙቀት፣ የፒኤች (የአሲድነት መጠን) ወይም የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይሰካባታል። በአንዲት ሰከንድ ደጋግማ ትለካለች፤ ግራፉንም እዚያው ታወጣለች። ተማሪው ቁጥር ሲገለብጥ አይውልም፤ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ለማለት ጊዜ ያገኛል። የአሜሪካው ኩባንያ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከካልኩሌተር ጋር የምትገጠመውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እኛ ደግሞ በነገር አንቸኩልም።

ክብሯ አልተጓደለም። ከአበባውና ከታሸገው ውኃ ጎን፣ የስክሪኗ ላስቲክ ሳይላጥ፣ የፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። የነካት የለም። ፎቶዋን ግን በፓወርፖይንት በደንብ አየን።

የክብር እንግዳው ዘግይተው መጡ፣ ተናገሩ፣ ሄዱ። ከዚያ «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» የሚል ስላይድ መጣ። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ከኋላ እጁን አወጣ። «አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሴንሰሯ አለች፤ ለምን አሁን አንለካውም?»

እንዲህ ያለ ሰው የትም አይጠፋም። አሠልጣኙ ግን ብልህ ናቸው። «በጣም ጥሩ ጥያቄ! ፓርኪንግ ሎት ላይ ይጻፍልን» አሉ። ፓርኪንግ ሎት ማለት ለኋላ የሚባሉ ጥያቄዎች የሚቆሙበት ወረቀት ነው። በሰማያዊ ማርከር ተጻፈ። ቀጥሎ ሻይ ረፍት ሆነ። በሩ አጠገብ የሻይ ውኃው በትልቁ ማፍያ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ መስታወቱን አልብሶታል። ሴንሰሯ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቃ በካርቶኗ ውስጥ ናት። ሁለቱን ያገናኘ ሰው የለም። ሳምቡሳው ትኩስ ነበር፤ እሱንም ማንም አልለካው።

ዳታ አልተሰበሰበም የሚል ግን ይፈር። ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የጠዋት ፊርማ፣ የከሰዓት ፊርማ፤ አንድም ባዶ ቦታ የለም። እንዲያውም አንዳንዱ የከሰዓቱን ጠዋት ፈርሞ ሄዷል። ገና ያልሆነውን ቀድሞ የሚመዘግብ ሴንሰር ፈረንጅም አልሠራ። ሰርተፊኬቱስ? እሱ ከሥልጠናው በፊት ታትሞ ነው ያደረው።

ከዚያ መሣሪያዎቹ ትምህርት ቤት ደረሱ። በሞዴል 19 ገቢ ሆኑ፣ ቁጥር ተለጠፈባቸው፣ ቁም ሳጥን ተቆለፈባቸው። የፒኤች ሴንሰር ጫፉ በማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ካልተቀመጠ ይደርቃል ይባላል። ይድረቅ፤ በቆጠራ ጊዜ የደረቀውም አንድ፣ ያልደረቀውም አንድ ነው። ብልሽት? ዜሮ! የትኛው አገር ነው እንዲህ ያለ ሪፖርት ያለው?

ያ የኬሚስትሪ መምህር፣ መቼም አይማርም፣ ንብረት ክፍል ሄደ። በሞዴል 22 ፈርሞ ሊያወጣ ነው። ከተሰበረ ከደሞዙ እንደሚቆረጥ ተነገረው። የንብረት ክፍሏ እናት ግን በቅንነት ጠየቁት፦ «ቲቸር፣ ሥልጠናውን ወስደህ የለም እንዴ? ደግሞ መሣሪያው ምን ያደርግልሃል?»

ሰሞኑን ክትትል ተደርጎ «የአጠቃቀም ክፍተት» ተገኝቷል። መፍትሔው የማጠናከሪያ ሥልጠና ነው። አዲስ አበባ መሃል ሐሳብ ስለሚበታተን አዳማ ይሆናል፤ ውሎ አበሉም ይሻላል። አዳማ ዝቅ ያለች ስለሆነች ውኃ እዚያ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በአንድ ሥልጠና ሁለት ዲግሪ ወደ ስላይዱ ተጠጋን ማለት ነው።