የስቴም ሴል ክርክር ታማሚውን ረስቶታል

ሌሎች ሕዋሳትን በሚያፈራው ሕዋስ፣ በስቴም ሴል፣ ስለ መጠቀም ሥነ ምግባር ሲነሣ ወሬው ለዓመታት በጽንስ ዙሪያ ሲያጠነጥን ቆይቷል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ዛሬ በስቴም ሴል ስም ሲበደል የማየው ግን መድኃኒት ያጣ ታማሚ ነው፤ ስለ እርሱ የሚሟገተውም ጥቂት ነው።

የጉበት፣ የቆዳና የነርቭ ሕዋሳት የያዙት ዲኤንኤ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የሚለያያቸው ከዘረ መሎቻቸው የትኞቹ እንደሚሠሩና የትኞቹ እንደተዘጉ ነው። ስቴም ሴል ገና ሥራው ያልተቆረጠለት፣ ራሱን እየተካ ሌላ ዓይነት ሕዋስም የሚያፈራ ሕዋስ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል በመሆኑ፣ የመቅኔያችን ስቴም ሴሎች ሥራ ቢያቆሙ ደማችን አይተካም። በደም ካንሰር የተያዙ ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያድን የኖረው የመቅኔ ንቅለ ተከላም የተመሠረተው በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጄምስ ቶምሰንና ባልደረቦቹ የሰው ጽንስ ስቴም ሴሎችን ለይተው በቤተ ሙከራ አሳደጉ። ሕዋሳቱ የሚወሰዱት አምስት ቀን ገደማ ከሆነው ጽንስ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ማውጣት ማለት ጽንሱን ማጥፋት ነው። ይህን የሚቃወሙትን ሰዎች ሳይንስ ያልገባቸው አድርጎ ማጣጣል ስሕተት ይመስለኛል፤ ጥያቄያቸው ለሳይንስ ድንበር እንዲበጅለት ረድቷልና። እ.ኤ.አ. በ2006 ሺንያ ያማናካና ካዙቶሺ ታካሃሺ አራት ዘረ መሎችን በመጠቀም የአይጥ የቆዳ ሕዋስን ወደ ስቴም ሴልነት መመለስ ቻሉ፤ በዓመቱ በሰው ሕዋስም ተሳካ። ጽንስ ሳይነካ ስቴም ሴል ተገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከአራቱ አንዱ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ዘረ መል ነው፤ የስቴም ሴል ያለ ገደብ የመከፋፈል ችሎታም ለፈውስ የሚፈለገውን ያህል ዕጢም ሊያበቅል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በጃፓን ኮቤ ከተማ በማሳዮ ታካሃሺ የተመራ ቡድን በሰባዎቹ ዕድሜ ለሚገኙ አንዲት ሴት ከራሳቸው የቆዳ ሕዋስ በዚሁ መንገድ ያዘጋጀውን ስስ የሬቲና (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው የኋላ ክፍል) ሽፋን ተከለላቸው፤ የነካውም አንድ ዓይናቸውን ብቻ ነበር። ለሁለተኛው ታማሚ በተዘጋጁት ሕዋሳት ዲኤንኤ ላይ ለውጥ ሲታይ ደግሞ ተከላው እንዲቆም ተደረገ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የሕክምና ዘገባ፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንድ ክሊኒክ ከሦስት አረጋውያን ሴቶች 5 ሺህ 5 ሺህ ዶላር ተቀብሎ ከገዛ ስባቸው ያወጣውን ሕዋስ በአንድ ቀን በሁለቱም ዓይኖቻቸው ውስጥ እንደወጋ ያስረዳል። ሦስቱም ሬቲናቸው ተላቅቆ የማየት ችሎታቸውን በእጅጉ አጡ፤ ሳይንሳዊ ጥናት ውስጥ የገቡ የመሰላቸውም ነበሩ።

የሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን መውጋት ሕክምናው ቢከሽፍ ለታማሚው ምንም አለማስቀረት ነው። እንዲህ ላለው ድርጊት የሐኪም ሙያ ሳይሆን የታማሚው ጉጉት ብቻ በቂ ሆኖ ሲገኝ ዝም ማለት አይገባም። ስለሆነም ተቆጣጣሪዎች በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ሊከለክሉ፣ ሐኪሙም ከመርፌው በፊት ሕዋሱ ከየት እንደመጣ፣ ምን ሆኖ እንደሚያድግና ከዚህ በፊት በስንት ሰው ላይ እንደተሞከረ ለታማሚው በጽሑፍ እንዲገልጽ ሊያስገድዱት ይገባል።