መጀመሪያ ኪሎው ስንት ነው?

ልጅ «ራሴን አመመኝ» ሲል እጃችን ቶሎ የሚዘረጋው ወደ ራሳችን ክኒን ነው። «ግማሿን ስጪው፣ ምንም አያደርገውም» የሚል ሰውም አይጠፋም። እኔን የምታስፈራኝ ይቺ ግማሽ ናት። የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ እንጂ የትልቅ ሰውን ክኒን ለሁለት በመስበር አይደለም።

ምርጫው ራሱ እንደሚፈራው አይከብድም። ለአብዛኛው ልጅ መጀመሪያ የሚሞከረው ፓራሲታሞል ነው። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳያልፍ። አይቡፕሮፌንም ጥሩ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ይሻላል። ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ለዋለ ልጅ ግን ኩላሊቱን ሊጎዳው ስለሚችል ይቅር።

አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ኢንፍሉዌንዛን በመሰለ የቫይረስ ሕመም ላይ ሲወሰድ፣ ጉበትንና አንጎልን ከሚያጠቃው ሬይ ሲንድሮም ጋር ይያያዛል። ኮዴይን የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክሏል። የአንዳንድ ልጆች ሰውነት ቶሎ ወደ ሞርፊን ስለሚቀይረው ትንፋሻቸውን ሊያዳክም ይችላል።

ሽሮፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በአንዱ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ይኖራል፤ በሌላው 250። 16 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የአንድ ጊዜው ጣሪያ 240 ሚሊ ግራም ነው፤ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ያ አልቆ ሌላኛው ተገዝቶ «ያው እንደ ድሮው 10 ስጠው» ከተባለ፣ ልጁ 500 ጠጣ። እጥፍ! ጠርሙስ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉን እንደ አዲስ ማንበብ ግድ ነው። የሻይ ማንኪያም አያስተማምንም፤ የአንዱ ቤት ከሌላው ቤት አይገጥምም። አብሮ የሚመጣው መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል። የጉንፋን ሽሮፖችም ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ደርቦ መስጠት ጉበት ላይ መፍረድ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ምግብ ስለዘለለ፣ ውሃ ስላልጠጣ ወይም ስልክ ላይ ስላመሸ ብቻ ራሱን የሚያመው ልጅ ብዙ ነው። ለዚህ ሁሉ ማስታገሻ ማጉረስ ልማድ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ራሱ መልሶ ራስ ምታት ያመጣል። በሳምንት ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ የሚፈልገው ልጅ ሐኪም ይየው።

ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረ፣ ወይም ትኩሳት ኖሮት አንገት የሚያደርቅ ራስ ምታት ከሆነ ግን ኪሎም መስፈሪያም ይቆዩ። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው።