አውሮፕላኑ መሬት አይነካም አሉን

በሰው ማሳ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ማዕድን የሚያስሱ ኩባንያዎች ሰሞኑን ለሚቀርብባቸው ቅሬታ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ አውሮፕላኑ መሬቱን ስለማይነካ ባለመሬቱን ማስፈቀድ አያስፈልግም። ይህን የሚሉት ሳያፍሩ ነው። አንዳንዶቹማ አውሮፕላኑ በሰከንዶች ውስጥ አልፎ ስለሚሄድ ነገሩ አቤት ለማለት እንኳን የሚበቃ አይደለም ይላሉ።

ከዚህኛው ልጀምር። የዳሰሳ አውሮፕላን መንገደኛ አይደለም። ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ በማሳው ላይ ያለፈ ሳይሆን ማሳውን ብሎ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ትይዩ መስመሮችን ይዞ ይመላለሳል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 200 ሜትር ቢሆን አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው እርሻ ላይ አምስት ጊዜ ያህል ያልፋል፤ 50 ሜትር ከሆነ ሃያ ጊዜ። ከዚያም እነዚያኑ መስመሮች ለማመሳከር በአግድም እየበረረ ያቋርጣቸዋል። ከፍታው ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሜትር ነው፤ ሄሊኮፕተር ሲሆን ደግሞ ከሥሩ የተንጠለጠለው መሣሪያ እስከ 30 ሜትር ድረስ ወርዶ ይጎተታል። ልትወልድ የተቃረበች ፈረስ ደንብራ አጥር ስትጥስ ሰከንዶቹን ማን ይቁጠርላት?

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣው ደንብ አብራሪው ውጭውን በዓይኑ እያየ የሚያበረው አውሮፕላን ሰው ከሰፈረበት አካባቢ ውጭም ቢሆን ከ150 ሜትር በታች እንዳይወርድ ይከለክላል። ዳሰሳው ከዚያ በታች የሚበረው በልዩ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ባለሥልጣን ይሰጣል፣ ኩባንያው ይቀበላል፣ ከሥር ያለው ሰው ግን ሞተሩ ሲያጓራበት ይሰማል።

ሰማዩ የሕዝብ ነው የሚሉም አሉ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1946 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ይህንኑ ነበር ያለው። በሰሜን ካሮላይና ዶሮ የሚያረባው ኮስቢ የጦር አውሮፕላኖች በግቢው ላይ 25 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ያልፉበት ነበር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ተላትመው 150 ያህሉ አለቁ፤ ሰውየውም ሥራውን ተወ። ፍርድ ቤቱ ባለመሬት እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ባለቤት ነው የሚለውን ጥንታዊ አስተሳሰብ ጣለው፤ ነገር ግን ሰውየው ሊጠቀምበት በሚችለው ቅርብ አየር ላይ መብት እንዳለው አረጋግጦ ፈረደለት። ያ የጦር አውሮፕላን ነበር፣ ምልልሱም የዘወትር ነበር ይሉኛል። ልክ ነው። አንድም አውሮፕላን የኮስቢን መሬት ነክቶ እንደማያውቅ ግን አብረው ይንገሩኝ።

ጩኸቱስ ቢያልፍ ያልፋል። ደሜን የሚያፈላው አውሮፕላኑ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው። ከጅራቱ ወደ ኋላ በተዘረጋው ረጅም ዘንግ ውስጥ የመሬቱን መግነጢሳዊ መስክ የሚለካ ማግኔቶሜትር ይቀመጣል፤ በሆዱ ደግሞ ከፖታሲየም፣ ከዩራኒየምና ከቶሪየም የሚወጣውን ጋማ ጨረር የሚቆጥር መሣሪያ አለ። ሁለቱም ይቀበላሉ እንጂ ምንም አይለቁም። ይህን አምናለሁ። (ኤሌክትሮማግኔቲክ የሚባለው ዳሰሳ ግን ራሱ ወደ መሬት ምልክት ይልካል፤ ስለ እሱ ሲጠየቁ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።)

እዚህ ላይ የሚወዱትን ካርድ ይመዙታል፤ በብዙ አገር ሕግ ከርሰ ምድር የመንግሥት ስለሆነ ገበሬው ምን አገባው? እሺ፣ ከርሰ ምድሩን ይውሰዱ። የጋማ መለኪያው ታዲያ የሚያነበው የቱን ነው? ወደ መሣሪያው የሚደርሰው ጨረር አብዛኛው የሚመነጨው ከላይኛው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አፈር ነው። ይኸውም ማረሻ የሚገለብጠው፣ ዘር የሚወድቅበት፣ ሥር የሚሰድበት አፈር ነው። ከዳሰሳው በሚሠራው ካርታ ላይ ቀለም ተቀብቶ የሚወጣው ፖታሲየም ገበሬው በማዳበሪያ መልክ ከኪሱ ከፍሎ የሚገዛው ንጥረ ነገር ነው። ማግኔቶሜትሩም የቆርቆሮ ጣሪያውን፣ የሽቦ አጥሩን፣ የተቀበረውን የብረት ቧንቧ ሳይቀር ይመዘግባል። ባለሙያዎቹ ይህን እንደ ረብሻ ቆጥረው ከመረጃው ያጣሩታል፤ ለማጣራትም ብዙ ጊዜ ወደ ታች በተደገነ ካሜራ ግቢውን ይቀርጹታል። የሰውን ሳጥን ከፍቶ ደብዳቤውን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን አልቀደድንም እንደማለት ነው።

ከወራት በኋላ ደግሞ የኩባንያው ሰው ጉድጓድ እንቆፍር ብሎ ለድርድር ይመጣል። እሱ ካርታውን አይቷል። ባለመሬቱ የሚያስታውሰው ጩኸቱን ብቻ ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እዚህ ግን ሰውየውን ሆን ብለው አላዋቂ አድርገው ነው የሚቆርጡበት። መረጃው የንግድ ምስጢር ነው የሚለው ክርክር ዓይን ያወጣ ነው። ከእኔ አፈር የተነበበ ነገር ከእኔው የሚደበቅ ምስጢር የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? የጎረቤቴን አልጠየቅሁም፤ የእኔን ማሳ ቁራጭ ካርታ ስጡኝ።

በአየርላንድ ቴለስ የተባለው የመንግሥት ዳሰሳ በገጠር 60 ሜትር፣ በከተማ ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ይበራል። ከብትና ፈረስ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው እንዲያውቁ ይደረጋል፤ ውጤቱም ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ያ የመንግሥት ገንዘብ ነው ይሉን ይሆናል። አንድ ስልክ ለመደወል በጀት ያስፈልጋል እንዴ?

ከሥር ማን እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል የሚለውማ ጭራሽ አያስኬድም። እያንዳንዱ መስመር አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በኮምፒውተር ላይ ተሰምሮ ያለቀ ነው፤ አብራሪውም በሳተላይት እየተመራ ያንኑ ይከተላል። የትኛውን ማሳ በየትኛው መስመር እንደሚያቋርጡ ያውቃሉ። ለመቆፈር በፈለጉ ጊዜ የባለመሬቱን ስልክ ቁጥር በአንድ ቀን ያገኙት የለም ወይ!