ኬማርት ጋ ስትደርስ ታጠፍ

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቡና ጠሩኝ። እትዬ ነው የምላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ አፓርታማ ገብተዋል። "አድራሻውን በቴክስት ይላኩልኝ" ስላቸው ተቆጡ።

"የምን አድራሻ? ኬማርት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ። ከዚያ የብሎክባስተርን ጀርባ ይዘህ ትመጣለህ፤ አለቀ።"

አላለቀም። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ኬማርት የሚባለው ሱቅ የለም። ብሎክባስተር የሚባለው የቪዲዮ ማከራያም የለም፤ ጀርባው ከየት ይመጣል? በመጨረሻ አንድ ጂም በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ጠፋሁ።"

"የት ነህ?"

"አንድ ጂም በር ላይ።"

"እኔ ጂም አልኩህ? ኬማርት ነው ያልኩህ።"

"ኬማርት እኮ ከተዘጋ ቆየ።"

"መዘጋቱን መቼ አጣሁት! ቦታው የት ይሄዳል?"

ምን ይባላል? እትዬ ያደጉት ሳር ቤት ነው። እስቲ ሳር ቤት ሄዳችሁ አንድ የሳር ክዳን አሳዩኝ። ውቤ በረሃም በረሃ የለበትም። ከእንዲህ ያለ ከተማ የመጣ ሰው፣ ሱቅ ከሰረ ብሎ መንገድ አይጠፋበትም። ለካ ጂሙ ራሱ ኬማርት ነበር። የቆምኩት ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ስደርስ ቡናው ተቆልቷል። ሁለት ጎረቤቶቻቸውም አሉ፤ እንደ እትዬ በሰማንያዎቹ የመጡ ናቸው። እንዴት እንደጠፋሁ ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ በረድ አለና፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጥን ይመስል ሟች መቁጠር ተጀመረ። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ሟቾቹ ፈረንጆች ናቸው።)

በኬማርት ተጀመረ። የመጀመሪያው ኬማርት የተከፈተው በ1962 ሚሺጋን ውስጥ፣ ጋርደን ሲቲ በምትባል ከተማ ነው። በዚያው ዓመት ዋልማርትና ታርጌትም ተወለዱ። ሦስቱ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ክርስትና የተነሱ በሏቸው። ቀድሞ ጎልምሶ የታየው ኬማርት ነበር። በደህናው ዘመኑ ከ2,000 በላይ መደብሮች ነበሩት።

የኬማርት ነገሩ ሰማያዊው መብራት ነው። ዘንግ ላይ የተሰካ፣ የፖሊስ መኪና መብራት የመሰለ ነገር። ሠራተኛው እየገፋ ያመጣውና አንድ ዕቃ ፊት ያቆመዋል። ያበራዋል። በድምፅ ማጉያው "አቴንሽን ኬማርት ሾፐርስ!" ይባላል። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ያ ዕቃ በርካሽ ነው።

"የመጀመሪያ እንግሊዝኛዬ እሱ ነው" አሉ እትዬ። "ትምህርት ቤት 'ዚስ ኢዝ ኤ ፔን' አስተምረውኝ ነበር። እዚህ ስመጣ አንድም ሰው ስለ ብዕር አልጠየቀኝም።"

"እውነት ሰው ይሮጥ ነበር?"

"ምን ማለትህ ነው! እኔ ሱዳን ድረስ በእግሬ ወጥቻለሁ። እንደዚያ አልሮጥኩም።"

ያን ቀን ሮጠው የያዙት ብርድ ልብስ እስከ ዛሬ ሶፋው ላይ አለ። እንግዳ ሲመጣ ይቀየራል እንጂ አይጣልም።

ኬማርት በ2002 ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። ወጣ። በ2005 ሲርስ ከሚባል ሌላ መደብር ጋር ተጋባ። ያጋባቸው ኤዲ ላምፐርት የሚባል ባለሀብት ነው። ሲርስም ያን ጊዜ ጤናው አልነበረም። ዕውር ዕውርን ቢመራው ሁለቱም ገደል ይገባሉ ይባል የለ? ገቡ። የኬማርት አሟሟት ግን ለብቻው ነው። በአሜሪካ ዋና ምድር ላይ የቀረው የመጨረሻው ትልቁ ኬማርት በ2024 የተዘጋው የት መሰላችሁ? ብሪጅሃምፕተን። የኒውዮርክ ሚሊየነሮች በጋቸውን የሚያሳልፉበት ሰፈር። ድሃ ሲያለብስ የኖረ ሱቅ ሀብታም ደጅ ሄዶ ሞተ።

"ሲርስንም አንሱት እንጂ" አሉ አንደኛዋ ጎረቤት። ፍሪጃቸው ኬንሞር ነው፤ የሲርስ ልጅ። ወላጁን ቀብሮ እስከ ዛሬ ያቀዘቅዛል።

ሲርስ ይገርመኛል። ይህ ሱቅ ቤት በፖስታ ይሸጥ ነበር። ቀልድ አይደለም። ከ1908 እስከ 1940 ድረስ፣ ሰው ካታሎጉን ገልጦ "ይህችን ባለ በረንዳዋን ላኩልኝ" ይላል። ጣውላው፣ በሩ፣ ሚስማሩ በባቡር ይመጣለታል። መግጠሙ የራሱ ጣጣ ነው። ከ70,000 በላይ ቤት እንዲህ ተሸጧል። ገጠር ያለ ገበሬ ሰዓት ያዝዛል፣ ምድጃ ያዝዛል፤ ሱቅ ሳይረግጥ ዕቃው ይላክለታል። ዛሬ በዚህ ሥራ የከበረ ኩባንያ ታውቁ ይሆናል።

ሲርስ በ1993 ትልቁን ካታሎግ በቃኝ ብሎ ዘጋው። ጄፍ ቤዞስ አማዞንን የመሠረተው በ1994 ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ ቅዳም ሹር ላይ የገደፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲርስ ነው።

ቺካጎ ላይ 110 ፎቅ ሠርቶ ነበር። በ2009 ሕንጻው ስሙ ተቀይሮ ዊሊስ ታወር ተባለ። ብዙ የቺካጎ ሰው ግን እስከ ዛሬ ሲርስ ታወር ነው የሚለው። ይህን ስናገር እትዬ ረከቦቱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አየህ?" አሉ።

ፔይለስ ሲነሳ ግን ሁሉም ዝም አሉ። ይህኛው የቤተሰብ ሞት ነው።

ፔይለስ በ1956 ካንሳስ ውስጥ የተጀመረ የጫማ ሱቅ ነው። ለፈረንጅ ርካሽ ጫማ መሸጫ ነበር። ለኛ ፔይለስ ማለት አዲስ አበባ የቀረው እግር ሁሉ ማለት ነው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ ከተባለ ፖስታ ይመጣል። ፖስታው ውስጥ ደብዳቤ የለም። እግር ነው ያለው። የደብተር ወረቀት ላይ ቆመው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያሰመሩት እግር። መሐሉ ላይ "የትንሹ ልጅ፤ እያደገ ስለሆነ ሰፋ ይበል" ይላል። እትዬ እግሮቹን በመቀስ ቆርጠው ያወጣሉ። በፌስታል ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ሱቁ ወለል ላይ ቁጭ ብለው የወረቀት እግር ጫማ ውስጥ ይከታሉ፣ ያወጣሉ፣ ይከታሉ። አንዲት ፈረንጅ ይህን አይታ የልጇን እጅ ይዛ ራቅ ብላለች ይባላል።

አንድ ጥንድ ለገዛ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ነበር። ስለዚህ የታዘዘው ጫማ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ፣ ከጎረቤት አንድ ዘመድ እንበደር ነበር። ከዚያ ሻንጣው አለ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ካርቶኑ ይጣላል። ጫማው ውስጥ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ ሽቶ፣ በሽቶውና በካልሲው መሐል ቪታሚን። አየር ባዶ ቦታ ካገኘ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል።

የወረቀት እግር አንድ ጉድለት አለው፤ ውፍረት የለውም። ርዝመቱን ይናገራል እንጂ ከላይ ያለውን ጉብታ አይናገርም። መስቀል ላይ ስንት ሰው በአሜሪካ ጫማ እያነከሰ ደመራ እንደዞረ እግዜር ይቁጠረው። ጠበበኝ ያለ ግን አልሰማንም።

ፔይለስ ሊሞት ሲል አንድ ቀልድ ቀልዶ ሞተ። በ2018 ሎስ አንጀለስ አካባቢ "ፓሌሲ" የሚል የጣሊያን ስም ለጥፎ ሱቅ ከፈተ። በማኅበራዊ ሚዲያ ስም ያላቸውን ሰዎች ጋበዘ። እነሱም የ20 እና የ40 ዶላር ጫማ እያገላበጡ ጥራቱን አደነቁ። እስከ 640 ዶላር የከፈለ ነበር። በኋላ እውነቱ ተነገራቸውና ገንዘባቸው ተመለሰ። በዓመቱ ፔይለስ አሜሪካ ውስጥ የነበሩትን ሱቆቹን በሙሉ ዘጋ፤ ወደ 2,100 ይሆናሉ።

"ምን ይገርማል?" አሉ እትዬ። "እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስልክ የጣሊያን ነው ነበር የምላቸው።"

የኤሌክትሮኒክስ ሱቁን ሬዲዮ ሻክን ማንም አላለቀሰለትም። ሁለት ባትሪ ልትገዛ ገብተህ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር ትጠየቅ ነበር። ከቀበሌ ሸሽቶ ለመጣ ሰው ይህ ምን ስሜት እንደሚሰጥ አስቡት። ሁለተኛዋ ጎረቤት ሁልጊዜ የቀድሞ ባላቸውን አድራሻ ነበር የሚሰጡት። ሌላው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሰርኪት ሲቲም ብዙ አልተለቀሰለትም። በ2007 ደመወዛቸው በዛ ብሎ 3,400 ልምድ ያላቸው ሠራተኞቹን አባረረ። ወጥ ሠሪዋ ውድ ናት ብሎ አሰናብቶ እንግዳ እንደጠራ ሰው ማለት ነው። በ2009 ተዘጋ። ብሎክባስተር ደግሞ በ2000 ኔትፍሊክስን በ50 ሚሊዮን ዶላር ግዛ ሲባል አይ ብሎ፣ በ2010 ራሱ ከሰረ። አሁን ኦሪገን ውስጥ ቤንድ የምትባል ከተማ አንድ ብቻ ቀርቷል። ቢያንስ እዚያ ያሉ ሐበሾች አቅጣጫ አይጠፋቸውም።

የአሻንጉሊት ሱቁ ቶይስ አር አስ የዲሲ ልጅ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ቻርልስ ላዛረስ የሚባል ወጣት ከጦርነት ተመልሶ፣ በ1948 የሕፃን አልጋ መሸጥ የጀመረው አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ ላይ ነው። አዎ፣ ያው 18ኛው መንገድ። በኋላ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ሁለቱም ጎረቤቶች ሰሃን ያጠቡበት። ላዛረስ አንድ ነገር አስተዋለ። አልጋ የገዛች እናት ሌላ አልጋ ልትገዛ አትመጣም። አሻንጉሊት ግን ይሰበራል፤ ስለዚህ ትመለሳለች። በቃ፣ አንድ ግዛት የሚያህል ንግድ ከዚህ ወጣ።

በ2005 ትልልቅ ኢንቨስተሮች ኩባንያውን በብድር ገዙት፤ ዕዳውንም እሱ ላይ ጫኑት። አንድ ሰው ቤትህን በብድር ገዝቶ "ብድሩን ግን አንተ ክፈል" ቢልህ ምን ትላለህ? ሱቁ ወለድ ሲከፍል ከረመና በ2018 የአሜሪካዎቹ መደብሮች ተዘጉ። ላዛረስም የመዘጋቱ ዜና በተሰማ በሳምንቱ አረፈ፤ 94 ዓመቱ ነበር። ላዛረስ ማለት በኛ አልዓዛር ነው። የመጽሐፉ አልዓዛር በአራተኛው ቀን ተነሣ። የዚህኛው ሱቅ በአራተኛው ዓመት፣ በ2022፣ ሜሲስ የሚባል መደብር ውስጥ ጥግ ተሰጥቶት ተነሣ።

እትዬን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ግን የቤት ዕቃ ሱቁ ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ ነው። ያ ሰማያዊ የ20 በመቶ ኩፖን ትዝ ይላችኋል? ቀኑ ያለፈበትን እንኳ ይቀበሉ ነበር። እትዬ ዓመታት አጠራቅመዋል፤ ዳዊታቸው ውስጥ፣ ሞሰባቸው ውስጥ፣ የመኪና ኪስ ውስጥ። በ2023 ኤፕሪል ኩባንያው መክሰሩን አወጀ፤ በዚያው ሳምንት ኩፖን መቀበል አቆመ። እትዬ ዜናውን የሰሙት ከነኩፖናቸው ነው።

"ደርግ የጃንሆይን ብር ሲቀይር አባቴ እንዲህ ሆኖ ነበር" አሉ። "እሱስ እንኳ መቀየሪያ ቀን ተሰጥቶት ነበር።"

አንዳንድ ቀን አውጥተው ይቆጥሯቸዋል።

የመዝጊያ ሽያጭ ላይ ሁላችንም ነበርን፤ አንካድ። "ሁሉም መሄድ አለበት" የሚል ትልቅ ቢጫ ጨርቅ ሲሰቀል፣ አሥር ዓመት ያልረገጥነው ሱቅ ውስጥ እንደ ተዝካር ዕድምተኛ ግልብጥ ብለን እንገባለን። "ያሳዝናል" እንላለን፣ ፎጣ እናነሳለን። "ልጆቼ እዚህ ነው ያደጉት" እንላለን፣ ዋጋው ገና 30 በመቶ ብቻ መቀነሱን አይተን እንመልሰዋለን። በሳምንቱ እንመለሳለን፤ ሟቹ ይበልጥ ይረክሳል። እኔ አንድ ጊዜ የልብስ መስቀያውን ብረት ራሱን ገዝቻለሁ። ካፖርት የለኝም።

"ለመሆኑ ማነው የጨረሳቸው?" አሉ አንደኛዋ ጎረቤት በረካውን እየተቀበሉ።

"አማዞን ነዋ!" አሉ ሁለቱ በአንድ ድምፅ።

እኔ ጫማዬን አየሁት። አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ሻጩን ሦስት ቁጥር ከጓዳ አስወጥቼ፣ ለክቼ፣ ወዲያ ወዲህ ተራምጄ፣ "ላስብበት" ብዬ ወጥቼ፣ ፓርኪንግ ውስጥ በስልኬ ያዘዝኩት ጫማ ነው። 11 ዶላር አትርፌበታለሁ። እግሬን ሶፋው ስር ሰበሰብኩ።

ስወጣ እትዬ ድፎ ዳቦ ቆረሱልኝ። መሳቢያ ከፍተው፣ ከብዙ ፌስታል መሐል ፈልገው፣ እንደ ነጠላ የታጠፈ አንድ አወጡ። ትልቅ ቀይ "ኬ" አለበት። ዳቦውን ከተቱልኝ። ከዚያ መልሰው አወጡት፣ በሌላ ፌስታል ጠቀለሉና እንደገና ከተቱት፤ እንዳይቀባው።

"ፌስታሉን ግን ትመልሳለህ።"

"እሺ እትዬ። እስከ መቼ?"

"በሠላሳ ቀን ውስጥ" አሉ።